ሞተሩ ሲዳከም ወደ የት? የ1924ቱ የክሮይደን አደጋ

ክንፈ_ሰማይ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ አንድ የቆየ የአውሮፕላን አደጋ ሳነብ ነው የማመሸው። ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ላካፍላችሁ ብዬ መጣሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ዲሴምበር 24 ቀን 1924 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን 1917 ዓ.ም. ማለት ነው። ለእንግሊዞቹ የገና ዋዜማ። ቦታው ከለንደን በስተደቡብ ያለው ክሮይደን። በዚያ ዘመን የለንደን ዋናው አየር ማረፊያ እሱ ነበር። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። አራት ትናንሽ ኩባንያዎች ተዋህደው በማርች 31 ቀን 1924 ነው የተመሠረተው።

አውሮፕላኗ ዲ ሃቪላንድ ዲኤች 34 ትባላለች። ወደ ፓሪስ ልትበር ሰባት መንገደኞች ተሳፍረዋል። ፓይለቱ ዴቪድ ስቱዋርት አንድ ብቻውን ነው። ተነሳች፣ ሞተሯ ተዳከመ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትርቅ ፐርሊ የሚባል ሰፈር ላይ ወደቀች፣ ተቃጠለች። ስምንቱም ሞቱ። የኢምፔሪያል ኤርዌይስ የመጀመሪያው ሰው የሞተበት አደጋ ይሄ ሆነ።

ስለ አውሮፕላኗ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ክንፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦላታል። መንገደኞቹ ጣሪያ ባለው ክፍል ይቀመጣሉ። ፓይለቱ ግን ከክንፎቹ ፊት፣ ከሞተሩ ኋላ፣ ንፋስና ዝናብ እየመታው ነው የሚያበራት። ሞተሯ አንድ ብቻ ነው። ኔፒየር ላየን የሚባል፣ 450 የፈረስ ጉልበት፣ 12 ሲሊንደር ያለው። ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ይቺ አውሮፕላን መንገድ ላይ ለተበላሸች ጓደኛዋ ሙሉ መለዋወጫ ሞተር እንድትጭን ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሞተሩ መንገደኞች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ይገባል። ግን ልክ አይበቃውም። የፕሮፔለሩ ዘንግ ወደ ውጭ እንዲወጣ ጎኗ ላይ ክብ ቀዳዳ ተበጅቶላታል። እስቲ አስቡት። የሠሯት ሰዎች ሞተር መንገድ ላይ እንደሚሞት አውቀው፣ ተቀብለው፣ ቀዳዳ ሠርተውለታል። አየር ላይ ሲሞት ግን ለፓይለቱ የተዘጋጀለት ነገር የለም።

ከናንተ መሐል ሙያው ያላችሁ አስተያየታችሁን ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ማሂ

የገና ዋዜማ መሆኑ ሆዴን አላወሰው። ፓሪስ ላይ ስንት ሰው እየጠበቃቸው ነበር ይሆን።

ሌላም ነገር ታወሰኝ። በዚያው ዓመት፣ በ1924 ክረምት ላይ፣ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ለንደንም ገብተው ነበር። ያኔ እኛ አገር አንድም አውሮፕላን አልነበረም። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ የምትባለው፣ አዲስ አበባ ያረፈችው በ1929፣ በእኛ ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። እነሱ በዚያ ሰዓት መንገደኛ ጭነው ፓሪስ እየተመላለሱ፣ እየወደቁም እየተማሩ ነበር።

መምህር_በሪሁን

ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው። የፊዚክስ መምህር ነኝና በዚያ በኩል ልጨምር።

ብዙ ሰው ሞተር ከጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ የሚወድቅ ይመስለዋል። አይደለም። ክንፍ የሚያነሳው ሞተሩን ሳይሆን ፍጥነቱን አይቶ ነው። ፍጥነት እስካለ ድረስ ሞተር የሌለው አውሮፕላን እየተንሸራተተ ይወርዳል። ልክ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንዳጠፋ መኪና። መኪናው ይሄዳል፣ ግን ከፍታ እየከፈለ ነው የሚሄደው።

ችግሩ የሚመጣው ፓይለቱ ከፍታውን ላለመክፈል ሲል አፍንጫዋን ቀና ሲያደርግ ነው። ፍጥነቱ ይሞታል። አየሩ ክንፉን ተከትሎ መፍሰሱን ያቆምና ይበታተናል። አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይሄን ነው። ያን ጊዜ በእርግጥም እንደ ድንጋይ ነው።

መዞር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አውሮፕላን ለመዞር ወደ ጎን ማዘንበል አለበት፣ ሲያዘነብል ክንፉ የበለጠ ጭነት ይሸከማል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የምታደርግ አውሮፕላን 45 ዲግሪ አዘንብላ ከፍታዋን ሳትለቅ ስትዞር ወሰኑ ወደ 119 ከፍ ይላል። 60 ዲግሪ ቢሆን ወደ 141። ቀጥ ብላ በደህና የምትበርበት ፍጥነት መዞሪያው ላይ ገዳይ ይሆናል።

ዲኤች 34 ደግሞ ለዘመኗ ስቶል የምታደርግበት ፍጥነት ከፍ ያለ ነበር። በዚህ ምክንያት የአንዳንዶቹ ክንፍ እንዲረዝም ተደርጓል።

ቀጥተኛው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ባይ ነኝ። ሞተር ሲዳከም ቀጥታ ወደ ፊት ማረፍ ነው። ጎጆ ይሁን ጎመን፣ ፊት ለፊትህ ያለው ላይ ታርፋለህ። የትም አገር የበረራ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይሄንኑ ነው። እሱ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ክንፈ_ሰማይ

@ቀጥተኛው ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ነገር፣ ስቱዋርት ለማረፍ ሲሞክር ነው አውሮፕላኗ ስቶል ያደረገችበት። ይሄ በምርመራው ወጥቷል። ማረፍ አለብኝ ብሎ መወሰኑ ትክክል ነበር። ጥያቄው የት ነው የሚያርፈው የሚለው ነው። ከክሮይደን ስትነሳ ከፊትህ ቤት ነው፣ ጉብታ ነው፣ ዛፍ ነው። ጊዜውም የቤት ግንባታ የተፋፋመበት ነበር። "ቀጥታ ሂድ" ማለት የሚቻለው ቀጥታ ላይ ሜዳ ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በሴፕቴምበር 14 ቀን 1923 የዳይምለር ኤርዌይ ዲኤች 34 ከክሮይደን ወደ ማንቸስተር ስትበር አይቪንጎ የሚባል ቦታ ላይ ወድቃለች። አምስት ሰው ሞቷል። እሷም ድንገት ለማረፍ ስትሞክር ነው ስቶል ያደረገችው። ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ያው ዓይነት ሞት፣ በአሥራ አምስት ወር ልዩነት። ይሄን ካየሁ በኋላ ጣቴን አንድ ሰው ላይ ለመቀሰር ልቤ አይፈቅድም።

ሦስተኛ፣ ሜዳው ራሱ። ክሮይደን በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ ሁለት ሜዳዎች ተጋጥመው ነው የተፈጠረው፤ ቤዲንግተንና ዋደን። በመሐላቸው ፕላው ሌን የሚባል የሕዝብ መንገድ ያልፋል። ቢሮውና ጋራዡ ባንድ በኩል፣ የሚነሱበት ሜዳ በሌላ በኩል። አውሮፕላን ሊሻገር ሲል ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው መንገዱ ላይ ይወጣል። መኪናውን፣ ጋሪውን፣ ብስክሌቱን ያቆማል። አውሮፕላኗ እየተንገጫገጨች ትሻገራለች፣ ከዚያ ሰውዬው ባንዲራውን ዝቅ ያደርጋል፣ መንገዱ ይከፈታል። የታላቋ ብሪታንያ ዋና አየር ማረፊያ ይሄ ነበር!

ሜዳውም ለጥ ያለ አልነበረም። ጎርበጥባጣ ሣር ነው። የተጫነች አውሮፕላን ከዚያ ስትነሳ ሞተሯን እስከ ጥግ ነው የምታስጮኸው።

እና የምርመራው ነገር ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ ታሪክ በሲቪል አውሮፕላን አደጋ ላይ ሕዝብ ፊት የተካሄደ የመጀመሪያው ምርመራ ይሄ ነው። በጃንዋሪ 1925 በለንደን ተከፈተ። ሕግ አዋቂ ሰበሰበው፣ ምስክር ቆመ፣ ጋዜጠኛ ተቀምጦ ጻፈ። ኮክፒቱ ላይ ብቻ አላቆሙም። ሜዳውንም መረመሩ። የአየር ማረፊያው ሁኔታ ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርጓል አሉ።

ማሂ

ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው 😳 የባቡር ሐዲድ መሻገሪያ መሰለኝ እኮ።

አሮጌው_መካኒክ

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን አውሮፕላን ጥገና ላይ ነው የጨረስኩት። አብዛኛውን ጊዜ ፒስተን ሞተር ላይ ነበርኩ፣ ትንንሾቹ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ።

ሞተር ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አይሞትም። አስቀድሞ ይናገራል። የሚናገረው በዘይቱ ነው። እኔ ዘይት ስቀይር ያደርግ የነበረውን ልንገራችሁ። አሮጌውን ፊልተር እከፍተዋለሁ። ወረቀቱን ከውስጥ አውጥቼ እንደ አኮርዲዮን እዘረጋዋለሁ። ፀሐይ ላይ ይዤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘነብለዋለሁ። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጋበታለሁ። ማግኔቱ ላይ ዘሎ ከተለጠፈ ብረት ነው፣ ከውስጥ አንድ ነገር እየተበላ ነው ማለት ነው። ካልተለጠፈ አሉሚኒየም ወይም የነሐስ ብናኝ ሊሆን ይችላል። በጥፍሬ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። የጤፍ ቅንጣት ከምታክል ፍንጣሪ ላይ ሞተር አውርጄ አውቃለሁ። የሥራው ኃላፊ ተቆጥቶኝ ነበር። ሲከፈት ቤሪንጉ አልቆ ተገኘ።

የ1924 መካኒኮች እጃቸው ከኛ አያንስም። ይበልጥ ይሆናል እንጂ። ግን ያ ሞተር በውሃ ነበር የሚቀዘቅዘው። ቱቦ፣ ጎማ፣ ማሰሪያ፣ ራዲያተር፣ እያንዳንዷ መጋጠሚያ ልታፈስ ትችላለች። ብረቱም የዛሬው ብረት አይደለም። እነዚያ ሞተሮች በሰዓት ተቆጥሮ ይወርዱና ይፈቱ ነበር። እነሱ የጎደላቸው ቅንነት ሳይሆን ሁለተኛ ዕድል ነው። አንድ ሞተር ካለህ የሠራኸው ሥራ ሁሉ በአንዲት ቱቦ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቀጥተኛው ልጄ፣ ስቱዋርትን ግን ተወው። ሞተሩ ሲያስል ፓይለቱ እጅ ላይ ያለው ጊዜ ይሄን ዓረፍተ ነገር አንብበህ የምትጨርስበትን ያህል ነው።

ቀጥተኛው

ጋሼ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎት። ፈጥኜ ነው የተናገርኩት። ቀጥታ ማረፍ የሚለውን ሕግ አሁንም አምንበታለሁ፣ ሜዳውን ግን ሳላስብ ነው የፈረድኩት።

ጣና_ዳር

እኔ ይሄን ክር ሳነብ ባሕር ዳር ነው የመጣብኝ። አንዳንዶቻችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988) ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር ሲነሳ የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። እርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። 104 ሰው ነበር የተሳፈረው። አብራሪዎቹ ወደ አየር ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ። በመሐል ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈና እሳት ተነሳ። 35 ሰው ሞተ። 69 ሰው ግን ተረፈ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሬዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተሰበሰበ። ድምፁን ከፍ አድርጊው ሲሏት "ዝም በሉ፣ ዝም በሉ" ትላለች። ሬዲዮው ግን ከዚያ በላይ አይጮኽም ነበር። እርግብ ሰው ይገድላል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ እርግብ ባየሁ ቁጥር ያ በረንዳ ነው የሚታየኝ።

እና የምጠይቃችሁ፦ እነዚያ ሁለት ሞተር ነበራቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ሁለት መሆኑ ምን ረባ?

መምህር_በሪሁን

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ያንን ቀን አልረሳውም።

በአብዛኛው ይረባል። ሁለት ሞተር ባንድ ጊዜ የሚያጠፋ ነገር ጥቂት ነው፤ ወፍ አንዱ ነው፣ የተበላሸ ነዳጅ ሌላው። ደግሞ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል። ሞተሩም ክንፉም ከለንደን ይልቅ ጉልበታቸው ይቀንሳል። አብራሪዎቹ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ክንፉ ቀጥ ብሎ፣ ስቶል ሳያደርግ መሬት ማስነካታቸው ነው 69 ሰው ያተረፈው። ስቱዋርት ያላገኘው ያን ነው።

ማሂ

ታዲያ ከክሮይደን በኋላ ሞተር ጨመሩ? ወይስ ያው ቀጠሉ?

ክንፈ_ሰማይ

ጨመሩ። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ዲኤች 34ቶቹን በ1926 ከአገልግሎት አወጣ። በዚያው ዓመት ባለ ሦስት ሞተሮቹ አርጎሲና ሄርኩለስ ገቡ።

ግን ነገሩ ቶሎ አልተፈታም። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሁለቱም በ1929 የደረሱ ናቸው።

አንደኛው አሜሪካ ነው። ማርች 17 ቀን፣ ኒውአርክ፣ ኒው ጀርሲ። እሑድ ቀን ሰው ከተማ በአየር ለማየት ተሳፍሯል። አውሮፕላኗ ፎርድ ትራይሞተር ናት፣ ሦስት ሞተር። ተነስታ ከፍታ ሳትይዝ ሞተሮቿ ከዱዋት። ከባቡር ሐዲዱ ላይ አሸዋ የጫነ የጭነት ፉርጎ ቆሞ ነበር፣ እሱ ላይ ተላተመች። ከ15 ሰው 14ቱ ሞቱ። የተረፈው ፓይለቱ ብቻ ነው። በአሜሪካ እስከዚያ ቀን ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነበር።

ሁለተኛው ከራሱ ከክሮይደን ነው። ጁን 17 ቀን፣ ሲቲ ኦፍ ኦታዋ የተባለችው የኢምፔሪያል አውሮፕላን 13 ሰው ይዛ ስትበር አንዱ ሞተሯ ባሕሩ ላይ ተበላሸ። ሁለተኛው ደህና እየሠራ ነበር። ግን ብቻውን ሊሸከማት አልቻለም። ቀስ በቀስ እየወረደች እንግሊዝ ቻናል ውስጥ ገባች። ሰባት መንገደኞች ሞቱ።

ይሄ ሁለተኛው ነው የሚያሳዝነኝ። ሁለት ሞተር ማለት አንዱ ሲሞት ሌላው ያደርሰናል ማለት ይመስለን ነበር። አንዱ ሞተር ብቻውን የማያነሳት ከሆነ ግን ሁለት ሞተር ማለት የሚበላሽ ነገር ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ያለው ሕግ ይሄን ነው የቀየረው። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲንደረደር አብራሪዎቹ ቪ ዋን የሚሉት ፍጥነት አለ። ከዚያ በፊት ሞተር ቢጠፋ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ቢጠፋ በቀረው ሞተር ይነሳሉ፣ መነሳትም መቻል አለባቸው። ከበረራው በፊት ጭነቱ፣ የአየሩ ሙቀት፣ የቦታው ከፍታ ይሰላል። ካልቻለ ጭነት ይወርዳል ወይም በረራው ይቀራል።

አሮጌው_መካኒክ

ልክ ነው። ቦሌ ላይ ለዚህ ስሌት የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና።

ሐበሻ_በለንደን

ሰላም ወገኖች። እኔ ከክሮይደን ብዙ ሳልርቅ ነው የምኖረው። ፐርሊ ዌይ ላይ በአውቶቡስ ሳልፍ ነጭ ትልቅ ሕንጻ አያለሁ። ከፊቱ አሮጌ አውሮፕላን ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። የድሮው አየር ማረፊያ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ስቱዋርት የተነሳው ከዚያ ሕንጻ ነው?

ክንፈ_ሰማይ

@ሐበሻ_በለንደን ከዚያ አይደለም ወንድሜ፣ ግን ሕንጻው እዚያ የቆመው በሱ አደጋ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ከምርመራው በኋላ ፓርላማው በ1925 ክሮይደንን የሚያሰፋ ሕግ አወጣ። ያ ቀይ ባንዲራ ያለበት ፕላው ሌን ተዘጋ። ሁለቱ ሜዳዎች አንድ ሆኑ። አዲሱ ተርሚናል፣ መቆጣጠሪያ ማማው፣ ጋራዡ ሁሉ ፐርሊ ዌይ ላይ ተሠርቶ በ1928 ተከፈተ። አንተ የምታየው እሱን ነው። አየር ማረፊያው እስከ 1959 ሠርቶ ተዘጋ። የተሰቀለችው አውሮፕላን ሄሮን ትባላለች፣ እሷም የዲ ሃቪላንድ ሥራ ናት። አራት ሞተር አላት።

ሌላ ነገር ልጨምርልህ። ፓይለቶች ጭንቅ ውስጥ ሲገቡ "ሜይዴይ" የሚሉት ቃልም የተወለደው በዚያው በክሮይደን ነው፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ። ፍሬደሪክ ሞክፎርድ የሚባል የሬዲዮ ኃላፊ ነው ያመጣው። አብዛኛው በረራ ከፓሪስ ጋር ስለነበር በፈረንሳይኛ "እርዱኝ" ከሚለው ወሰደው።

ሐበሻ_በለንደን

ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቡ አለፍኩ! እዚህ ሰፈር ፕላው ሌን የሚባል መንገድ አሁንም አለ እኮ። ዋሊንግተን በኩል አንድ፣ ፐርሊ በኩል ደግሞ ሌላ። ስማቸው አንድ ሆኖ ለምን እንደማይገናኙ ገርሞኝ ያውቅ ነበር።

ክንፈ_ሰማይ

አንድ መንገድ ነበረ። መሐሉ ነው የተቆረጠው። መሐሉ ላይ ነበር ያ ሰው ባንዲራ ይዞ የሚቆመው።

ከቻልክ አንድ ቀን ሄደህ መንገዱ የሚያልቅበትን ቦታ ፎቶ አንሳልን። በዋሊንግተን በኩል ያለውን።

ሐበሻ_በለንደን

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ዝናቡ ካባራ ሁለቱንም ጫፍ አነሳለሁ፣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።